ቲኬቱን ማን ቆረጠው?

ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ አንባቢያችን የላከልን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ሰንብቷል። የሰባ አንድ ዓመት እናቱ ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ነበር። ጉዞውን ያሰናዳው አዲስ አበባ ያለ አንድ የጉዞ ድርጅት ነው። ክፍያው የተጠቃለለ ነው፤ የአውሮፕላኑ ቲኬት፣ የቪዛው ጉዳይ፣ ሆቴሉ፣ ምግቡ፣ አውቶቡሱ ሁሉ በአንድ ደረሰኝ። ገንዘቡ ከየት መጣ ቢሉ ከፊሉ የሁለት ዓመት የጤፍ ሽያጭ፣ ከፊሉ የአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ፣ የቀረው ልጆች ያዋጡት ነው።

ጉዞው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ የውጭ አገር የሆነው አየር መንገድ የረቡዕ ማታውን በረራ ሰረዘና ቡድኑን ወደ ማክሰኞ ማታ አዛወረው። አዘጋጁ ይህንን ለተጓዦቹ በቴሌግራም አሳወቀ። እናትየዋ የያዙት ባለ ቁልፉን ስልክ ነው። የልጃቸው ስልክ ደግሞ በዚያ ሳምንት ኢንተርኔት አልነበረውም። ረቡዕ ቀትር ላይ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ደርሰው ሲደውሉ «ማዘር፣ ቡድኑ እኮ ትናንት ማታ ሄደ» ተባሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የታወቀ ነው። አዘጋጁ «አየር መንገዱ ኖ ሾው ብሎ መዝግቧቸዋል፤ የቡድን ቲኬት ገንዘቡ አይመለስም፤ አየር መንገዱን ጠይቁ» ይላል። አየር መንገዱ «ቲኬቱን የቆረጠው ወኪል ነው፤ እሱን ጠይቁ» ይላል። ልጅየው አምስት ጊዜ ደውሎ አምስት ጊዜ ይህንኑ ሰምቷል።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የቆረቆረኝ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። እናትየዋ የጎረቤቱን ሁሉ የክርስትና ስም በወረቀት አስጽፈው፣ ጧፍ ተሰጥቷቸው፣ ተመርቀው የተሸኙ ናቸው። ተመልሰው ከገቡ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ገና ሌሊት፣ ሰው ሳይነሣ ነው። ያገኛቸው ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ብሎ ሊስማቸው ስለሚመጣ መልሱ ያስጨንቃቸዋል። «እናቴ ገንዘቡን አንድም ቀን አላነሣችም» ይላል ልጁ፤ «የምትጠይቀኝ ያንን የስም ዝርዝር ምን ላድርገው እያለች ነው።»

ለዝርዝሩ መልስ አለ፤ በሚቀጥለው በሚሄድ ተሳላሚ እጅ መላክ የቆየ ልማድ ነው። ለገንዘቡም መልስ አለ። እሱ ግን ትንሽ ማብራራት ይፈልጋል።

አንድ ሰው ራሱ አየር መንገዱ ቢሮ ሄዶ ቲኬት ሲቆርጥ ጉዳዩ የሁለት ሰው ነው፤ የሸጠውና የገዛው። በጉዞ አዘጋጅ በኩል ሲሆን ግን ገንዘቡ በሦስት እጅ ያልፋል። እርስዎ ለአዘጋጁ ይከፍላሉ። አዘጋጁ ቲኬት የማውጣት ፈቃድ ከሌለው ፈቃድ ላለው የጉዞ ወኪል ይከፍላል። ወኪሉ ደግሞ በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የክፍያ ሥርዓት በኩል ለአየር መንገዱ ያስገባል። ገንዘቡ ሲመለስም ውኃ በመጣበት ቦይ እንደሚመለስ ሁሉ በዚያው መንገድ ነው የሚመለሰው። አየር መንገዱ ለወኪሉ፣ ወኪሉ ለአዘጋጁ፣ አዘጋጁ ለእርስዎ። ስለዚህ የአየር መንገዱ ሠራተኛ «ወኪሉን ጠይቁ» ሲል ሁልጊዜ ለማባረር አይደለም፤ ከእሱ መስኮት ላይ ለእርስዎ በጥሬው ቆጥሮ የሚሰጥበት አሠራር ስለሌለው ነው። «ወኪሉን ጠይቁ» ማለት ግን «እኛን አይመለከተንም» ማለት አይደለም። ሁለቱ ነገሮች እየተምታቱ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

የቡድን ቲኬት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አዘጋጁ ለአርባ ወይም ለሃምሳ ሰው ቦታ በአንድ ላይ ይይዛል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ የስም ዝርዝሩን በኋላ ያስገባል። ዋጋው ረከስ ይላል፤ ሁኔታውም ጠበቅ ይላል። አየር መንገዱ የሚያውቀው ቡድኑን ነው። የሚያውቀው ስልክም የአዘጋጁን ወይም የወኪሉን ነው። በረራ ሲሰረዝ ወይም ሰዓት ሲለወጥ መልእክቱ የሚደርሰው እዚያ ነው። መካነ ኢየሱስ ለተቀመጡት እናት በቀጥታ የሚደውል የለም። የመንገደኛውን ስልክ ወይም ኢሜይል አየር መንገዱ እንዲያውቀው መንገደኛውን ጠይቆ ማስመዝገብ ግን የወኪሉ ግዴታ ነው፤ የማኅበሩ ደንብም ይህንኑ ይላል። ስንቱ ወኪል ይጠይቃል? ብዙዎቹ የራሳቸውን ስልክ ጽፈው ያልፋሉ፤ አንዳንዴ ለመንገደኛው አሳቢነት ነው፣ አንዳንዴ ደንበኛቸው በቀጥታ ከአየር መንገዱ ጋር እንዳይለመድ ነው።

በውጭው ዓለም ይህ ጭቅጭቅ የሚበዛው በመርከብ ሽርሽር ላይ ነው። ጡረታ የወጡ አሜሪካውያንና አውሮፓውያን በትልልቅ መርከቦች ባሕር ይዞራሉ። የመርከቡ ኩባንያም እስከ ወደቡ የሚያደርሳቸውን የአውሮፕላን ቲኬት ጨምሮ ይሸጥላቸዋል። በረራው ሲሰረዝ አየር መንገዱ የመርከቡን ኩባንያ ጠይቁ ይላል፣ ኩባንያው አየር መንገዱን ጠይቁ ይላል። እንደ እኛው ነው። ልዩነቱ ቲኬቱን በኩባንያው በኩል የገዛ መንገደኛ መርከቡ ቢያመልጠው ብዙዎቹ ኩባንያዎች በሚቀጥለው ወደብ እንዲሳፈር ያደርሱታል፤ ለብቻው የገዛውን ግን መርከቡ አይጠብቀውም። የእኛም ተሳላሚ ቡድን እንደ መርከብ ነው፤ ከተነሣ አይጠብቅም። ነገር ግን «ቀሪውን ሰው በማግስቱ በምን አደርሰዋለሁ?» ብሎ አስቀድሞ ያሰበ አዘጋጅ ስንት ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቁ። መልስ የሌለው አዘጋጅ ፊቱ ላይ ይታወቅበታል።

አሁን ወደ እስቴው ደብዳቤ እንመለስ። «ኖ ሾው» የሚለው ቃል ሰውን ያስደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። በረራው ሄዷል፣ መንገደኛው ግን አልተገኘም ማለት ነው። እነዚህ እናት የገዙት የረቡዕን በረራ ነው። የረቡዕ በረራ የለም፣ የሰረዘውም አየር መንገዱ ነው። ባልነበረ በረራ ላይ መቅረት አይቻልም። የማክሰኞው በረራ በምትኩ የቀረበ አማራጭ ነው፤ አማራጭን ደግሞ መቀበልም አለመቀበልም የመንገደኛው ነው። እዚህ ላይ የተቀበለላቸው አዘጋጁ ነው፤ ሳያናግራቸው። መዝገቡ ላይ የሚታየው ማክሰኞ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። በእኔ ግምት የነገሩ ክብደት ከአየር መንገዱ ይልቅ አዘጋጁ ላይ ይወድቃል። ቴሌግራም ላይ መጻፍ ማሳወቅ ነው ወይ? ወጣት ለሞላበት ቡድን ይሆናል። የተሳላሚው አብዛኛው ክፍል አያቶች በሆኑበት ቡድን ግን በስልክ ደውሎ ድምፃቸውን መስማት የአዘጋጁ ሥራ ነው፤ ሃምሳ ሰው ጋ መደወል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ኢንተርኔቱስ ቢሆን? በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበረ የማያውቅ አዘጋጅ የለም። በዚያው ሰሞን ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረጉ በረራዎችም ቆመው ነበር። ከክልሉ መንገደኛ የሚቀበል ድርጅት መልእክቱ አጭር የጽሑፍ መልእክትና የስልክ ጥሪ መሆን እንዳለበት ከዚያ በኋላ ሊነገረው አይገባም ነበር።

እንግዲህ ልጅየው ምን ያድርግ? መጀመሪያ የቲኬቱን ቁጥር ይያዝ። ቲኬት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የበረራውን ቀንና ሰዓት የያዘውን ወረቀት ነው። ዋናው ግን እዚያ ላይ ያለው አሥራ ሦስት አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለምሳሌ 071 ነው። ከዚህ ሌላ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የቦታ ማስያዣ ኮድ አለ። አዘጋጆች ብዙ ጊዜ ለተጓዡ የሚሰጡት የጉዞ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች የሉበትም። ቁጥሮቹን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የተከፈለበት ዕቃ ናቸው።

ቁጥሩ ሲገኝ ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ሄዶ ወይም ደውሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ገንዘቤን መልሱ» አይደለም። «ይህ ቲኬት አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?» ነው። እያንዳንዱ ቲኬት በአየር መንገዱ መዝገብ ውስጥ አንድ ሁኔታ ይጻፍበታል፤ ገና አልተሠራበትም፣ ተበርሮበታል፣ ወይም ገንዘቡ ተመልሷል። ሦስተኛው ከሆነ ጨዋታው ተለወጠ ማለት ነው፤ አየር መንገዱ ለወኪሉ መልሷል፣ ገንዘቡም ከወኪሉ ወይም ከአዘጋጁ ኪስ ነው። «አየር መንገዱ አልመለሰልኝም» የሚለው መልስ እዚያ ላይ ያበቃል። ገና አልተሠራበትም ከተባለ ደግሞ ወኪሉ የመመለስ ጥያቄ አላቀረበም ማለት ነው፤ ያቅርብ። በረራው በአየር መንገዱ መሰረዙ መዝገቡ ላይ አለና ቅጣት ሊቆረጥበት አይገባም። በጣም ቢጠብ እንኳ ያልተበረረበት ቲኬት የኤርፖርት ግብር ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ እሱም ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ቀጥሎ ማመልከቻ። በቃል ያለ ቃል ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል። ቀን የተጻፈበት፣ የደረሰኙ ቁጥር ያለበት፣ የሚፈለገው ነገር በግልጽ የተነገረበት አንድ ገጽ ይበቃል። የቲኬቱን ዋጋ፣ ያልታደረበትን ሆቴል፣ ያልተበላውን ምግብና ያልተሳፈሩበትን አውቶቡስ ለየብቻው መጠየቅ ይሻላል፤ ተደባልቆ ሲጠየቅ ተደባልቆ እምቢ ይባላል። በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ላይ የድርጅቱ ማኅተምና የተቀባዩ ፊርማ ይደረግበት። ልጅየው መካነ ኢየሱስ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ያስገባለት፣ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላክ፤ የፖስታው ደረሰኝ ራሱ ማስረጃ ነው።

ከሕግ በኩል የሚደገፍበት ነገር አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛውን አገልግሎት ያላገኘ ሸማች ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ውሉን ያልፈጸመ ወገን ለሌላው ኪሣራ እንዲከፍል ያዛል። አቤቱታው የሚጀመረው ድርጅቱ ፈቃድ ያወጣበት ንግድ ቢሮ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት ደግሞ በአየር መንገዱ ላይ የሚቀርብ የካሳ ክስ የሁለት ዓመት ገደብ እንዳለው ይደነግጋል፤ ስለዚህ «እስቲ ይቆይ» ማለት አይበጅም።

ኢየሩሳሌም ለሚሄዱ በተለይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። እስራኤል እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ያወጣችው የአቪዬሽን አገልግሎት ሕግ ከእስራኤል የሚነሣውን ብቻ ሳይሆን ወደ እስራኤል የሚገባውንም በረራ ይመለከታል። በረራው ሲሰረዝ መንገደኛው ገንዘቡን ወይም ሌላ ቲኬት ይመርጣል፤ ገንዘብ ከመረጠ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመለስለት ይደነግጋል። ግዴታውም በአየር መንገዱ ብቻ ሳይሆን በጉዞ አዘጋጁም ላይ ነው። በ2025 መጀመሪያ ለጦርነትና ለመሰል ጊዜ የሚሆን ማሻሻያ ተጨምሮበታል። ያ ማሻሻያ ካሳውን ያጠብበዋል እንጂ የቲኬቱን ገንዘብ የማስመለስ መብት አልሰረዘም። ከእስቴ ተነሥቶ ቴል አቪቭ ድረስ የሚሟገት የለም፤ ይገባኛል። ነገር ግን በማመልከቻው ላይ ይህ ሕግ በስሙ ሲጠቀስ የሚያነበው ሰው አቀማመጡን ያስተካክላል።

ለምን ይህንን ሁሉ እጽፋለሁ ብትሉ ይህ መንገድ ሰላም የሚያገኘው በየመካከሉ ስለሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ እስራኤል በኮሮና ምክንያት ለውጭ እንግዶች በሯን ዘጋች፤ ሚያዝያ 11 ቀን ለዋለው ትንሣኤ የተዘጋጁ ተሳላሚዎች ሁሉ ቀሩ። ሳዑዲ ዓረቢያም የዑምራ ተጓዦችን ከዚያ ቀደም ብላ፣ የካቲት 19 ቀን አስቁማ ነበር፤ ለዑምራ ጠቅልለው የከፈሉ ሙስሊም ወገኖቻችንም ይህንኑ የ«እሱን ጠይቁ» ዙር ዞረዋል። ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የእስራኤልና የኢራን ጦርነት ሲጀመር የቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ፤ የውጭ አየር መንገዶች በየተራ በረራቸውን አቋረጡ። እዚያ የነበሩ በየብስ በዮርዳኖስና በግብፅ በኩል መውጫ ፈለጉ፣ ሊሄዱ የነበሩ በያሉበት ቀሩ።

ከኮሮናው ጊዜ የተረፈ አንድ ነገር ቫውቸር ነው። ብዙ አየር መንገዶች ያን ጊዜ በገንዘብ ፋንታ «በሚቀጥለው ትበሩበታላችሁ» የሚል ወረቀት ሰጡ። ለሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ጥሩ ነው። ለሰማንያ ዓመት አያት ግን የሚቀጥለው ዓመት ቃል አይገባም። ቫውቸር ሲቀርብላችሁ ሁለት ነገር እዩ፤ የሚያበቃበትን ቀንና ለሌላ ሰው መተላለፍ መቻሉን። አያት ባይችሉ ልጅ የማይሄድበት ከሆነ ገንዘቡን ጠይቁ። አዘጋጁም «ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ይያዝልዎ» ሲል ያው ቫውቸር ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ሲጨምር ማን እንደሚሸፍነው በጽሑፍ ካልሰጠ አትቀበሉ። የእስቴው ልጅ ለእናቱ ይህ ቢቀርብለትና እናትየዋ ቢፈልጉት ግን አልቃወምም። ከገንዘቡ ይልቅ ጉዞው የሚሻላቸው ይመስለኛል፤ ምርጫው የእሳቸው ይሁን ነው የምለው።

የባሕር ዳሩንም በረራ ሳላነሣ አላልፍም። ልጅየው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን ቲኬት ለብቻው በስልኩ ቆርጧል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ይቀላል፣ ይፈጥናል። ችግሩ ሁለቱ ቲኬቶች አይተዋወቁም። የአገር ውስጡ በረራ በጉም ወይም በሌላ ምክንያት ቢሰረዝና የውጭው ቢያመልጥ የአገር ውስጡ ቲኬት የሚመልሰው የራሱን ዋጋ ብቻ ነው፤ ለውጭው ቲኬት እርስዎ የቀሩ መንገደኛ ነዎት። ሁለቱ በአንድ ቲኬት ላይ ሲሆኑ ግን እስከ መጨረሻው መዳረሻ የማድረስ ኃላፊነት ይኖራል። ስለዚህ አዘጋጁ ሲጠቀልል ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ እንዲጠቀልል ጠይቁት። የውጭው ጉዞ በሌላ አየር መንገድ ከሆነ ይህ ላይሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ዕድሜ ልክ ያወቅነው ነው፤ ሁለት ሌሊት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ማደር። ከመካነ ኢየሱስ እስከ ባሕር ዳር ያለው የመኪና መንገድ ራሱ በዚህ ዘመን በሰዓቱ መድረሱ የማይታመን ስለሆነ ሁለት ሌሊት በዛ አይባልም። አዲስ አበባ ሲደርሱ ደግሞ በዚያው ቀን ለአየር መንገዱ በቀጥታ ደውሎ፣ ኮዱን ነግሮ፣ በረራው እንዳለ ማረጋገጥ ነው።

ውጭ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ጉዳያችሁ ትንሽ ይለያል። ልጅ ዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ ቲኬት ይቆርጣል፤ አንዳንዱ ከአየር መንገዱ፣ አንዳንዱ እዚያው ካለ የሐበሻ ትራቭል ኤጀንት፣ አንዳንዱ ረከሰልኝ ብሎ ከማያውቀው የኢንተርኔት ሻጭ። በረራው ሲሰረዝ እናት ቦሌ ቆመው የሚጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ቲኬቱን ማን ቆረጠው? መልሱ የሚገኘው ከልጁ የባንክ ካርድ መግለጫ ላይ ነው። ገንዘቡን የወሰደው ስም የአየር መንገዱ ከሆነ ገንዘቡን የሚመልሰው አየር መንገዱ ነው፤ የወኪሉ ከሆነ ወኪሉ ነው። ይህ የእኔ ብልሃት አይደለም፤ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ2024 ያወጣው ደንብ ነው። ደንቡ ከአሜሪካ የሚነሣውንም ወደ አሜሪካ የሚሄደውንም በረራ ይይዛል። ስለዚህ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚበሩ እናትም አሉበት። በረራው ከተሰረዘ፣ ወይም ዓለም አቀፉ በረራ ከተያዘለት ሰዓት ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ ከተነሣ ወይም ዘግይቶ ከደረሰ፣ መንገደኛውም አማራጩን ካልተቀበለ ገንዘቡ ይመለሳል። በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ በሰባት የሥራ ቀናት፣ በሌላ መንገድ ለተከፈለ በሃያ ቀናት ውስጥ። «ካልተቀበለ» የምትለዋን ልብ በሉ። አዲሱ በረራ ላይ ከተሳፈሩ ተቀብለዋል።

በአውሮፓ ደንብ ቁጥር 261/2004 የሚባል አለ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ከሚነሣ ማንኛውም አየር መንገድ ላይ ይሠራል፤ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ መንገደኛም ይገባበታል። ወደ አውሮፓ ሲሄድ ግን የሚሠራው አየር መንገዱ የአውሮፓ ከሆነ ብቻ ነው፤ እንደ ሉፍታንዛ። በረራው ከተሰረዘ መንገደኛው ገንዘቡን በሰባት ቀን ውስጥ ወይም ሌላ በረራ ይመርጣል፤ እስኪበር ድረስም ምግብና ማደሪያ ይሰጠዋል። ከ14 ቀን ባነሰ ጊዜ ከተነገረውና ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነ ለሩቅ መንገድ እስከ 600 ዩሮ ካሳ አለው። ጦርነት ወይም የአየር ክልል መዘጋት ሲሆን ካሳው ይቀራል፣ ምግቡና ማደሪያው ግን አይቀርም። በጥቅል የተገዛ ጉዞ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ የሚጠየቀው ከጥቅሉ ሻጭ ነው፤ እዚያ ያለው ሕግ ሻጩን ተጠያቂ ያደርገዋል።

በአገራችንም ሥርዓት ያለው ማስታወቂያ ምን እንደሚመስል ያየንበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አስመራ የሚያደርገውን በረራ ከነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያቋርጥ ቲኬት የያዙትን ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሌላ አየር መንገድ እንደሚያዛውር ወይም ገንዘባቸውን እንደሚመልስ ተናግሯል። ሁለት አማራጭ ነው፤ መሄጃ ወይም ገንዘብ። ከማንም አየር መንገድ ወይም አዘጋጅ የሚመጣ ወረቀት ላይ እነዚህን ሁለቱን ፈልጉ። አንዱ ብቻ ካለ ሌላው የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ።

ልጆች ከውጭ ቲኬት ስትልኩ በስልክ መዝገቡ ላይ የእናታችሁንም ቁጥር አስመዝግቡ፤ በኢትዮጵያ መለያ ቁጥር፣ በ251 ጀምሮ። የእናንተ ቁጥር ብቻ ከሆነ የበረራው መሰረዝ የሚነገራችሁ እናንተ በምትተኙበት ሰዓት ነው፤ እናት ያን ጊዜ ሻንጣቸውን አሳስረው ወደ ባሕር ዳር መንገድ ላይ ናቸው። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ለጎረቤት ልጅ ወይም ለአንድ የቅርብ ዘመድም ቲኬቱን ላኩለት፤ የመካነ ኢየሱስ አንባቢያችን ለሚቀጥለው ጊዜ ይህንን እንደሚያደርግ ጽፎልናል። ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት ያስገባል። ከአዘጋጁ የሚመጣውን መልስ በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ፤ መልስ ካልመጣም አለመምጣቱን አወጣለሁ።